የተሳሳተው አካፋ

ጌሳ ብሩሹን ነጭ ቀለም ውስጥ ነክራ ሰሌዳው ላይ ልታሳርፈው ስንዝር ሲቀራት እጇ አየር ላይ ቀረ። አንድ ጠብታ ወለሉ ላይ ወደቀ። ሌላው ተከተለው።

«ሰሌዳው ላይ ነው የምትሥዪው ወይስ ጫማዬ ላይ?» አለ ቶረ። የክፍሏ ልጅ ነው፤ መሰላሉን ያዝልኝ ብላ ነበር የጠራችው፣ እስካሁን የያዘው ግን ዳቦውን ብቻ ነው።

«ይሄ አካፋ ልክ አይደለም» አለች ጌሳ።

«አካፋ አካፋ ነው። አታካብጂ።»

በትምህርት ቤቱ የሥዕል ክፍል ግድግዳ ላይ የተደገፈው የእንጨት ሰሌዳ ሁለት ሜትር ቁመት አለው። ቅዳሜ የግራውሞር ወረዳ ሃምሳኛ ዓመት ሲከበር አዳራሹ ውስጥ ከመድረኩ በላይ ይሰቀላል። ከላይ፣ በወርቃማ መደብ ላይ፣ ምላሱን ያወጣ ቀይ አንበሳ አለ፤ የድሮዎቹ መሳፍንት ምልክት ነው፣ መሳፍንቱ ግን እኛ ረግረግ ውስጥ አንዲት ሌሊት እንኳ አድረው አያውቁም። መሃሉን ወንዛችንን የሚወክል ነጭ ሞገድ ያቋርጠዋል። ከታች በጥቁር መደብ ላይ ሁለት ነጫጭ አካፋዎች ተመሳቅለዋል። አንበሳው አልቋል፣ ሞገዱም አልቋል። የቀሩት አካፋዎቹ ብቻ ናቸው። ቅዳሜ በሕዝቡ ፊት ቆማ የዓርማውን ትርጉም የምታነበውም ጌሳ ናት። አሥራ አምስት ዓመቷ ነው፤ በአንድ ጊዜ ከሃያ ሰው በላይ አዳምጧት አያውቅም።

ትርጉሙን የማያውቅ ልጅ ደግሞ በወረዳው የለም። አራተኛ ክፍል ላይ ሁሉም የሚማርባት አንዲት ቀጭን መጽሐፍ አለች። «ሁለቱ አካፋዎች ረግረጉን አድርቀው እርሻ ያደረጉት የአያቶቻችን ላብ ናቸው» ትላለች። ጸሐፊዋ የጌሳ አያት፣ ጡረተኛው መምህር ሂንሪሽ ታምከ ናቸው።

ጌሳ ግን የአያቶቿን አካፋ በእጇ መዳፍ ታውቀዋለች። በየዓመቱ ግንቦት ሲመጣ አያቷ ረግረጉ ዳር ይዘዋት ይሄዱና ጥቁሩን አፈር ያስቆርጧታል፤ ያ አፈር ሲደርቅ እንደ ኩበት ይነዳል። የዚያ ሥራ አካፋ ጠባብ ነው፣ እንደ ቢላ ቀጥ ያለ፣ በአንድ ጎኑ ክንፍ የበቀለለት፣ እጀታው ከልጅቷ ቁመት የሚበልጥ። አሁን ከወረዳው ዓርማ ላይ አይታ በጠመኔ የነደፈችው ደግሞ አፉ ሰፊና ሹል ነው፤ እጀታው አጭር፣ ጫፉም ላይ አግድም እንጨት ተመትቶበታል። በመንደሩ ውስጥ በማንም ሰው ጎተራ እንዲህ ያለ አካፋ ተሰቅሎ አይታ አታውቅም።

«አሁን ገና ነው ያየሁት» አለች። «በእሳት አደጋ መኪናው በር ላይ አለ፣ በሰርተፍኬታችን ላይ አለ፣ ከተወለድኩ ጀምሮ እያየሁት…»

ቶረ ማኘኩን ትቶ ቀረብ አለ። የእሱም ቤተሰብ አፈር ቆራጭ ነበር። አንዴ ሰሌዳውን፣ አንዴ እሷን አየና ዝም አለ። ቶረ ዝም ካለ ነገሩ ቀልድ አይደለም ማለት ነው።

በዚያው ቀን አሥር ሰዓት ላይ አያቷን ከወጥ ቤቱ መስኮት አጠገብ ሻያቸውን ይዘው አገኘቻቸው። እናቷ ሆስፒታል ተረኛ ስለነበረች ቤት ውስጥ ሁለቱ ብቻ ናቸው።

«አባባ፣ ዓርማው ላይ ያለው አካፋ የኛ አካፋ አይደለም እኮ። ልብ ብለውት ያውቃሉ?»

አያቷ ማንኪያቸውን ኩባያው ውስጥ ቀስ አድርገው አቆሙት። በእኛ ዘንድ ማንኪያ ኩባያ ውስጥ ከገባ ‘በቃኝ፣ አትቅዱልኝ’ ማለት ነው። እሳቸው ግን ሦስት ኩባያ ሳይጠጡ ተነስተው የማያውቁ ሰው ናቸው፤ ያን ቀን የመጀመሪያውን እንኳ አላገባደዱም። ሠዓሊው የከተማ ሰው ነበር፣ አካፋና ማንኪያ የማይለይ፣ ብለው ሳቁ። ሳቁ አጭር ነበር። ከዚያ መስኮቱን እያዩ፣ ለዚህ ለማይረባ ነገር ብላ መዝገብ ቤት ድረስ ሄዳ ሰው እንዳታስቸግር ነገሯት።

ጌሳ ስለ መዝገብ ቤት አንዲት ቃል አልተነፈሰችም ነበር። እንዲያውም እስከዚያች ደቂቃ ድረስ መዝገብ ቤት የሚባል ነገር መኖሩም ትዝ አላላትም። ልጅን አንድ ቦታ መላክ የፈለገ ሰው አትሂድ ይበለው።

በማግስቱ ማክሰኞ ከትምህርት ቤት እንደወጣች አውቶቡስ ተሳፈረች። መዝገብ ቤቱ ከወረዳው ጽሕፈት ቤት ሥር፣ ምድር ቤት ውስጥ ነው። ወይዘሮ ኤልሪሽ፣ መነጽራቸውን በገመድ አንገታቸው ላይ ያንጠለጠሉ ሴት፣ ለበዓሉ መሆኑን ሲሰሙ ደስ ብሏቸው ዓርማው የተሠራበትን መዝገብ አወጡላት። የእኛ ወረዳ ዓርማ ከሁለት ዓርማዎች ተገጣጥሞ የተሠራ መሆኑን ያኔ ነው ያወቀችው። ከሃምሳ ዓመት በፊት ሁለት ወረዳዎች ሲዋሃዱ አንዱ አንበሳውን አመጣ፣ ሌላው አካፋዎቹን። የአካፋዎቹ ዓርማ የተሣለው ግን ከዚያም ቀደም ብሎ ነው፣ በናዚዎቹ ጊዜ፣ በአውሮፓ አቆጣጠር በ1938።

ገጾቹ በእርሳስ ተቆጥረዋል። ጌሳ አንድ በአንድ ገለጠች። ዘጠኝ። አሥር። አሥራ አንድ። አሥራ ሦስት።

ተመልሳ ቆጠረች። አሥራ ሁለት የለም። አሥራ ሦስተኛው ገጽ የአንድ ደብዳቤ ጭራ ብቻ ነው፣ ሁለት መስመር፤ «…ለናሙና የሚሆነው አካፋ ከካምፑ መሣሪያ ቤት ተልኮልዎታል። ሥዕሉ ሲያልቅ ይመለስልን።» ከሥሩ ማኅተም አለው።

«የምን ካምፕ?» አለች።

ወይዘሮ ኤልሪሽ መነጽራቸውን አድርገው አነበቡ። ከዚያ ከመዝገቡ ጀርባ የተለጠፈውን የውሰት ወረቀት አዩ። በዚህ ሁሉ ዓመት መዝገቡን ተውሶ የወሰደው አንድ ሰው ብቻ ነው። ከሃምሳ ዓመት በፊት፣ ለአንድ ቀን፣ ሂ. ታምከ። ሴትዮዋ ስሙን በጣታቸው ሸፈኑት፤ ጌሳ ግን አንብባ ጨርሳለች።

«ይህን ቤትሽ ብትጠይቂ ነው የሚሻለው፣ የኔ ልጅ» አሉ። መዝገቡን ሲያስሩ ገመዱ ሁለቴ አመለጣቸው። ጌሳ ደረጃውን ልትወጣ ስትል በመስታወቱ በር ዞር ብላ ስታይ በስልክ እያወሩ ነበር።

ረቡዕ ጠዋት ዳቦ ቤት ገባች። ሌላ ጊዜ ስለ እናቷ የወገብ ሕመም ሳይቀር የምትጠይቃት ሻጭ፣ መዝገብ ቤት መዋል ጀመርሽ አሉ፣ ብላ ዳቦውን ሰጠቻትና ወደ ቀጣዩ ሰው ዞረች። በብስክሌት ስትመለስ ሁልጊዜ እጁን የሚያወዛውዝላት ጎረቤት የቁጥቋጦ አጥሩን መከርከም ያዘ። ጭጋግ ከረግረጉ ተነስቶ መንገዱን ሸፍኖት ስለነበር፣ ካለፈችው በኋላ መቀሱ ሲቆም ሰማች እንጂ ሰውየውን አላየችውም። ማንም ክፉ ቃል አልተናገራትም። በእኛ መንደር ክፉ ቃል የሚነገረው ለሚወዱት ሰው ነው።

ከሰዓት በኋላ አያቷ ፊት ቆመች። ረጅም ንግግር አዘጋጅታ ነበር፤ የወጣው ግን አንድ ጥያቄ ነው።

«ገጽ አሥራ ሁለት የት ነው፣ አባባ?»

አያቷ ተነስተው ሳሎን ገቡና ወረዳው የሰጣቸውን የክብር የምስክር ወረቀት ከግድግዳው አወረዱ። ከላዩ ላይ ያ ዓርማ፣ ያ አንበሳ፣ እነዚያ አካፋዎች አሉ። ፍሬሙን ገልብጠው ትናንሾቹን ሚስማሮች በአውራ ጣታቸው አጣመሙ። ከጀርባው ለሁለት የታጠፈ ቢጫ ወረቀት ወጣ።

የወረዳው ሹም ለሠዓሊው የጻፈው ደብዳቤ ነው። አካፋዎቹ ዓርማው ላይ መግባት አለባቸው ይላል፤ ረግረጉን ያደረቁት የካምፑ እስረኞች ናቸውና መጪው ትውልድ ይህን የመንግሥት ጉብዝና እንዲያውቅ። በዚህ ዓመት ብቻ ሁለት መቶ አሥራ አንድ እስረኞች አርባ ኪሎ ሜትር ቦይ ቆፍረዋል። ስልሳ ሦስቱ ከሥራ ወጥተዋል። እነዚህም በሰባተኛው ቦይ ጫፍ ተቀምጠዋል። ናሙናውን አካፋ የመሣሪያ ቤቱ ጸሐፊ ያን ታምከ ያደርሰዋል።

ጌሳ «ከሥራ ወጥተዋል» የሚለውን ሁለት ጊዜ አነበበችው። ከዚያ ስሙን።

«ያን ታምከ…»

«አባቴ ነው» አሉ አያቷ። «ጠዋት አካፋ ቆጥሮ ያወጣል፣ ማታ ቆጥሮ ያስገባል። ሥራው እሱ ነበር። አካፋው ሁሌም ልክ ይመጣል፣ ሰዎቹ ግን ይጎድላሉ። አንድ ቀን ታሞ እያለ ነው እንዲህ ያለኝ፤ ከዚያ በኋላ አንስቶት አያውቅም።»

«እስረኞቹ ምን አድርገው ነው?»

«አንዱ ፋብሪካ ውስጥ አድማ አነሳስቷል። አንዱ ቄስ ነበር፣ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ያልሆነ ነገር ተናገረ። እንዲህ ናቸው።»

ሰባተኛው ቦይ ከቤታቸው ጀርባ ነው። ከእርሻቸው ጫፍ ላይ፣ ግንዳቸው ነጫጭ የሆኑ ዛፎች የበቀሉበት አንድ ጥግ አለ፤ ማንም አርሶት አያውቅም። አያቷ ግንቦት ላይ አፈር ሲያስቆርጧት እዚያ ጥግ ያለው አፈር አይነድም ይሉ ነበር። ጌሳ ልጅ ሳለች ዛፎቹ መሃል ድብብቆሽ ተጫውታለች። አሁን በመስኮቱ ስታይ ጭጋጉ ግንዶቹን ከሥራቸው ቆርጧቸው አየር ላይ የተንጠለጠሉ መሰሉ። የቆመችበት ቤት ራሱ ለያን ታምከ ከደረቀው መሬት ላይ የተሰጠ መሆኑን ማንም እንዲነግራት አላስፈለጋትም።

አያቷ ቀጠሉ። ወረዳዎቹ ሲዋሃዱ የሃያ ስምንት ዓመት ወጣት ነበሩ፣ አዲሱን ዓርማ ከሚመርጠው ኮሚቴ ሁሉ ታናሽ። መዝገቡን ለማንበብ ለአንድ ቀን ቤት አመጡት፤ ሲመልሱት ገጽ አሥራ ሁለት አልነበረበትም። ኮሚቴው ውስጥ ከነበሩት ስምንት ሰዎች የአምስቱ አባት በዚያ መዝገብ ውስጥ በስም ተጠቅሷል። በማግስቱ ስብሰባ ላይ የአካፋዎቹ ትርጉም ምንድነው ሲባል ሁሉም ወደ መምህሩ ዞሩ። መምህሩም የአያቶቻችን ላብ ነው አሉ። ሁሉም አጨበጨበ።

«ዛሬ እናገራለሁ፣ ነገ እናገራለሁ ስል ሃምሳ ዓመት ሞላኝ» አሉ። ወረቀቱን መልሰው ለሁለት አጠፉት። «ቅዳሜ መጽሐፉ ላይ ያለውን አንብቢልኝ፣ ጌሳ። እኔ ካለፍኩ በኋላ የፈለግሽውን አድርጊ። ብዙም አላቆይሽም።»

ሐሙስ ከሰዓት የወረዳው ምክትል አስተዳዳሪ አቶ ብሩንከን በራቸውን አንኳኩ። በእጃቸው ቅቤ የፈሰሰበት ሰፊ ኬክ ይዘዋል። ያ ኬክ በእኛ አካባቢ ከቀብር ሲመለሱ የሚበላ ነው። ማንም ግን አልሞተም።

ሰውየው ደስ የሚሉ ሰው ናቸው፤ ሲስቁ ትከሻቸው ሁሉ ይስቃል። ስለ አየሩ አወሩ፣ ስለ ጌሳ ውጤት ጠየቁ፣ ኬኩን ራሳቸው ቆረሱ። ከዚያ ስለ አካፋው እንደሰሙ ተናገሩ። ብልህ ዓይን ነው ያለሽ አሏት። እሳቸው እዚህ ተወልደው እዚህ ሸብተው አላዩትም። ከአስተዳዳሪው ጋር ተማክረው አንድ ሐሳብ ይዘው መጥተዋል። ዓርማው ይታረማል። ጌሳ ሰሌዳው ላይ የተሳሳተውን አካፋ ትታ ትክክለኛውን፣ የአባቶቻችንን ጠባቡን አካፋ ትሥላለች። የወረዳው ምክር ቤት በሚቀጥለው ወር ያጸድቀዋል። ባንዲራው፣ ማኅተሙ፣ የመኪናው በር፣ ሁሉም ቀስ በቀስ ይቀየራል። ቅዳሜ መድረክ ላይ ስሟ ይጠራል፤ የሃምሳ ዓመት ስሕተት ያረመች ልጅ ተብላ።

«ከዚያ በኋላ አያትሽ የጻፉትም እውነት ይሆናል» አሉ። «ማንም አይጎዳም። አይደለም እንዴ፣ መምህር?»

አያቷ ሳህናቸውን እያዩ ራሳቸውን ነቀነቁ። በሦስት ቀን ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ ትከሻቸው ሲረግብ ጌሳ አየች። ሽማግሌው ብዙ ዓመት ሸክም ተሸክመው አሁን አንድ ሰው ‘አምጡ ልያዝልዎት’ ያላቸው መስለው ነበር።

አቶ ብሩንከን በሩ ላይ ኮታቸውን እየቆለፉ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ።

«ትንሽ ወረዳ ነች፣ ጌሳ። እናትሽ በወረዳው ሆስፒታል ነው የምትሠራው አይደል? ጥሩ ሠራተኛ ነች ይሏታል።»

እየሳቁ ነበር። ትከሻቸው ግን አልተነቃነቀም።

ዓርብ ከትምህርት በኋላ ሥዕል ክፍሉ ውስጥ ጌሳ የድሮውን የጠመኔ ንድፍ በእርጥብ ጨርቅ ጠርጋ አጠፋችው። ጥቁሩ መደብ ባዶውን ቀረ። ቶረ ከጎተራቸው የአያቱን ጠባብ አካፋ በትከሻው ተሸክሞ መጣና፣ አውቶቡስ ውስጥ ነፍሰ ገዳይ መስዬ ሦስት አሮጊት አስነስቼ ነው የደረስኩት፣ ብሎ ከሰሌዳው አጠገብ እንደ ዘበኛ ይዞት ቆመ።

«ሞዴሉ መጥቷል። ሥዪ» አላት።

ጌሳ ጠመኔውን አነሳች። ጠባቡ አፍ፣ ከጎኑ ክንፉ፣ ረጅሙ እጀታ። እጇ በደንብ ስለሚያውቀው ቶሎ ወጣ። ቆንጆ ነበር። ወደ ኋላ ሁለት እርምጃ ሄዳ አየችው። አንበሳው፣ ሞገዱ፣ አካፋው። ነገ ይህ ይሰቀላል፤ በሚቀጥለው ዓመት ማኅተሙ ላይ ይቀረጻል፤ ከአሥር ዓመት በኋላ አራተኛ ክፍል የሚገባ ልጅ ይህን እያየ ያድጋል። ያ ልጅ የፈለገውን ያህል ብልህ ዓይን ይኑረው፣ የሚያቆመው ነገር አያገኝም። ቦዩ ጫፍ የተቀበሩት ስልሳ ሦስት ሰዎች በዚህ ዓለም ላይ የቀራቸው ምልክት አንድ ነው፣ ሁሉም ሳያየው የሚያልፈው ያ ሰፊ አካፋ። እሱን ከጥቁሩ መደብ ላይ የምታነሳው እጅ ደግሞ እንደገና የታምከ ቤት እጅ ልትሆን ነው።

ስለ እናቷ አሰበች። ስለ አያቷ የረገበ ትከሻ አሰበች። ቶረ አካፋውን እንደያዘ ይጠብቃል።

ጨርቁን ውኃ ውስጥ ነከረችና ጠባቡን አካፋ ጠረገችው።

«እንዴ» አለ ቶረ። «ይሄን ሁሉ መንገድ ያሸከምሽኝ ለምንድነው ታዲያ?»

«ለማየት።»

ሰፊውን አፍ ነደፈች። አጭሩን እጀታ። ጫፉ ላይ ያለውን አግድም እንጨት። ሁለተኛውን በላዩ አመሳቀለች። ጠመኔው ሁለት ጊዜ ተሰበረባት። ሲያልቅ እጇን ሱሪዋ ላይ ጠርጋ ስልኳን አወጣችና ቤት ደወለች። አያቷ ወዲያው አነሱት፤ ስልኩ አጠገብ ተቀምጠው የነበሩ ይመስል።

«አባባ፣ አካፋውን እንደነበረው ነው የሣልኩት።»

በስልኩ የሳሎኑ ሰዓት ሲመታ ትሰማለች።

«ነገ መጽሐፉን አላነብም። ገጽ አሥራ ሁለት እርስዎ ጋ ነው። ካላመጡት የማስታውሰውን እናገራለሁ። ቁጥሩን አልረሳሁትም።»

«ልጄ» አሉ። ድምፃቸው ከሩቅ የመጣ መሰለ። «ስንት ሰው እንደሚያኮርፍሽ አታውቂም።»

«ዳቦ ቤት ሄጄ አይቻለሁ።» ጠመኔውን ጠረጴዛው ላይ አኖረች። «አባባ፣ ብቻዬን አልችለውም። ፊት ወንበር ላይ ካልተቀመጡልኝ ድምፄ አይወጣም። ማንበብ ከፈለጉ ደግሞ እርስዎ ያንብቡት፣ እኔ አጠገብዎ እቆማለሁ።»

አያቷ ስልኩን አልዘጉትም። ጌሳ ስልኩን እንደተከፈተ ድምፁን ከፍ አድርጋ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችው፣ የነጩን ቀለም ክዳን በብሩሹ ጭራ ፈልቅቃ ከፈተች፣ ቶረም መሰላሉን ያዘላት። ቀለም መቀባት ስትጀምር የሽማግሌው ትንፋሽ በስልኩ ውስጥ ይሰማት ነበር።